የተቀነሱት ወራት

«ዕድሜዋስ?»

ሻሺቱ ልጇን መመርመሪያ አልጋው ላይ እያስቀመጠች ነበር። ዞር ሳትል፣ «አንድ ዓመት ከአራት ወር» አለች። ስትዋሽ የሰው ፊት ማየት አትወድም።

ጠያቂዋ ዮርዳኖስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ሻሺቱ ግን ነጭ ጋውን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ነው የምትለው። ዮርዳኖስ ትንሿን ኑሃሚንን ብብቷ ሥር ደግፋ ወለሉ ላይ አቆመቻት። ልጅቷ ተረከዟን አላሳረፈችም፤ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ተንጠራርታ ቆመች።

«በስንት ወሯ ነው የተወለደችው?»

«በሰባት።»

«እንግዲያ ሁለቱን ወር ቀንሰን፣ እንደ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጅ ነው የምናያት።»

መቀነስን ለሻሺቱ ያስተማሯት ልጇ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ሆና ተወልዳ፣ ደረቷ ላይ በጨርቅ አስራት በሰነበተችበት ጊዜ ነው። «ከእኩዮቿ ጋር አታወዳድሪያት፤ ሁለት ወር ቀንሰሽ ቁጠሪላት» ብላት ነበር አንዲት ነርስ። ክፉ ምክር አልነበረም። ሻሺቱ ግን መቀነስ ጣማት። የሰፈር ሴቶች «እስካሁን አትቀመጥም እንዴ?» ሲሏት ሦስት ቀነሰች፤ «አትድህም?» ሲሏት አምስት። ባለፈው ሐምሌ አርባ ምንጭ ውስጥ ከሴቻ ሰፈር ወደ ሲቀላ ቤት ሲቀይሩ የክትባት ካርዱ ጠፋ፤ አዲስ ሲወጣላት ስምንት ወር ቀንሳ አስጻፈች። ሀሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። እንዲህ ያለው የሻሺቱን ሀሰት ተሸክሞ አላየውም።

ለመስቀል ወደ ባሏ አገር ወደ ኦቾሎ ሳትወጣ ቀረች። የጋሞ ሰው ከየትም ከየትም ተጠራርቶ አገሩ በሚገባበት በዓል መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። ግን እዚያ ከኑሃሚን ጋር በአንድ ወር የተወለደ የባሏ እህት ልጅ አለ፤ ግቢውን ሙሉ ይሯሯጣል። አማቷ ደግሞ የልጅ ልጆቿን ዕድሜ አትስትም። «ልጅቷን ጉንፋን ይዟታል በላቸው» ብላ ሸማኔ ባሏን ካሱን ብቻውን ላከችው።

«እስከ መቼ ነው የምንደብቃት?» አላት ካሱ።

«እስክትሄድ ነዋ!»

እግሯስ ይደበቅ ነበር፤ ያስቸገረው አፏ ነው። ኑሃሚን ቀኑን ሙሉ አባቷ ሸማ የሚሠራበት ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጣ ስታወራ ትውላለች። «አባ፣ መወርወሪያው ወደቀ» ትለዋለች። የአንድ ዓመት ልጅ እንዲህ አይናገርም። ስለዚህ ሰው ፊት አፏን በከፈተች ቁጥር ሻሺቱ ሙዝ ትልጥላታለች። አርባ ምንጭ ላይ ሙዝ አይጠፋ! ሌላ እናት ብትሆን ጎረቤት ጠርታ ታሳየው የነበረውን አንደበት፣ እሷ በሙዝ ደፈነችው።

«ታወራለች?» አለች ዮርዳኖስ።

«እማ ትላለች። ሌላ እንኳ የለም።» ኑሃሚን ሙዟን ታኝካለች።

ዮርዳኖስ ካርዱ ላይ ጻፈች። «እግሯ ገተር ይላል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ላይ አንዳንዴ በራሱ ይለቃል። ቤት የምትሠሩላትን እንቅስቃሴ አሳይሻለሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ እናያታለን። ሁለት ዓመት ቢሆናት ኖሮ ግን አልጠብቅም ነበር።»

«ምን ያደርጉ ነበር?»

«ዛሬውኑ ሕክምናዋን እጀምር ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ትመላለሺ ነበር፤ ለእግሯም ልዩ ጫማ ይሠራላታል። ጅማት እያደር ያጥራል፤ አንዴ ካጠረ መመለሱ መከራ ነው።»

ሻሺቱ ልጇን አዝላ ወጣች። በሩን ስትዘጋ «ተመስገን» አለች። ደግሞ ወዲያው አፈረች። በምን አፍ ነው ተመስገን የምትለው?

የግቢው በር ጋ ስትደርስ ኑሃሚን ከጀርባዋ በሹክሹክታ ጠራቻት።

«እማ፣ ሰው የለም?»

«የለም።»

«እግሬን ያመኛል።»

ሻሺቱ ቆመች። «ታዲያ ለዶክተሯ አትነግሪያትም ነበር?»

«ሙዝ ሰጠሽኝ።»

ሻሺቱ ሁለት ዓመት ሙሉ በልጇ እግር ስታለቅስ ኖራለች፤ ምላሷን ያሰረችው ግን ራሷ ናት። የሲቀላው ሚኒባስ ረዳት ከማዶ «ግቢ እናት፣ እንሂድ!» እያለ ይጣራል። ጀርባዋን ሰጠችው።

በሩን ሳታንኳኳ ከፈተች። ዮርዳኖስ ቀና አለች። «ምነው፣ የረሳሽው ነገር አለ?»

«ካርዱ ላይ መስከረም ተወለደች ብዬ ያስጻፍኩት ውሸት ነው፤ ጥር ነው የተወለደችው። የአምናው ጥር አይደለም፣ የካቻምናው።»

ዮርዳኖስ በጣቷ ቆጠረች፤ ፊቷ ጠቆረ።

«ስምንት ወር» አለች። ሻሺቱ፣ ዶክተሯ ብትሰድባት በወደደች ነበር። «እናስመልሰው ይሆን፣ ዶክተር?»

«አላውቅም። ሁሉንም እንኳ አናስመልሰውም።» ዮርዳኖስ ካርዱ ላይ የጻፈችውን ሰርዛ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። «ኑሃሚን፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

ኑሃሚን እንደ ለመደችው የእናቷን እጅ አየች፤ ሙዝ ጠበቀች። ሻሺቱ የቀረውን ግማሽ ሙዝ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጥላ ባዶ እጇን ዘረጋችላት።

«ሰው አለ» አለቻት፤ «ቢኖርም ተናገሪ።»