የሴላሲ ተለጣፊ

«ከቀኝ ጀምሪ» አለቻት በረኛዋ አንቲ ቪዳ በሹክሹክታ። «መጀመሪያ ለእናትየዋ።»

ዉምፒኒ ትሪውን ይዛ ከቀኝ ጀመረች። ከቮልታ ወንዝ ማዶ የመጡት የሴላሲ ቤተሰቦች በዱዋፌ ኮሌጅ የእንግዳ አዳራሽ ተደርድረው ተቀምጠዋል። በጥቁርና ቀይ ልብሳቸው ላይ የሃርማታን ነፋስ አቧራ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። ውጭም ያው ነው። ከበረሃ የመጣው ነፋስ የሰዓቱን ማማ ውጦታል፤ ደወሉ ብቻ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይሰማል። ሴላሲ ከሞተች ወዲህ ግቢው በሌላ ሰው ሕልም ውስጥ ያለ ይመስላል።

እንግዳ ውሃ ሳይቀምስ የመጣበትን አይጠየቅም። ጠጡ።

ከፊታቸው፣ ለሟቿ የመኝታ ክፍል ጓደኛ በተዘጋጀው ወንበር ላይ አራባ ተቀምጣለች። በእጇ አንጓ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮላታል፤ የኮሌጁ ደንብ ነው። በክፍሉ በር ላይ ከሴላሲ ስም ሥር የተጻፈው የእሷ ስም ስለሆነ ሐዘኑም ለእሷ ተሰጠ። ኑሮዋ ግን ከተማ፣ አክስቷ ቤት ነው። አልጋዋ ላይ የሚተኙት ሻንጣዎቿ ናቸው። ሰሞኑን የኮሌጁ ልጆች እየተሰለፉ ጨብጠዋታል፣ አጽናንተዋታል። ማልቀስ ትችልበታለች፤ ኩሏ እንኳ አይበላሽም።

ያን ሁሉ ቀን ዉምፒኒ ብርጭቆ ስታጥብ ነው የከረመችው። የእሷ ስም በየትኛውም በር ላይ የለም። ከሰሜን፣ ከዬንዲ ከተማ ለትምህርት መጥታ የመኝታ ዕጣ ሳይወጣላት ቀረ። እንደ እሷ በሰው ክፍል ተደብቆ የሚያድረውን ግቢው «ተለጣፊ» ይለዋል። ተለጣፊ ከተያዘች ዕቃዋ ደጅ ይጣላል። ፈተና ደግሞ ደርሷል።

«አልጋው የኮሌጁ ነው» ብላት ነበር ሴላሲ በመጀመሪያው ቀን፣ ስስ ፍራሽ ከአልጋዋ ሥር እየጎተተች። «ወለሉ ግን የእግዜር ነው። እሱ ደግሞ ዕጣ አያወጣም።»

ሴላሲ ስትተኛ ክንዷ ከአልጋው ጠርዝ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ እያፏጨ ሲያሸልቡ፣ ዉምፒኒ ከፊቷ በላይ የተንጠለጠለውን እጅ እያየች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። ኮሪደሩ ላይ የአንቲ ቪዳ ሳል ሲሰማ የሴላሲ ጣቶች ግንባሯን መታ መታ ያደርጓታል፤ እሷም ከነፍራሿ ተንሸራታ አልጋው ሥር ትገባለች። ያኔ ይንኳኳል።

«ይቺ ሴትዮ ሳንባዋን ብትታይ ምናለ» ትላለች ሴላሲ በሩ ሲዘጋ፣ ሳቋን በትራስ አፍና።

ምሳቸው በቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ኬንኬ ነው፤ ማባያው ከሴላሲ እናት የሚላክ ጥቁር የዓሣ ድልህ። ብልቃጡ ትልቅ ነው፣ ግን አይበረክትም። እናትየዋ በስልክ ትገረማለች።

«ልጄ፣ ሆድሽ ውስጥ ማን አለ?»

«ረሃብ ነው፣ አብላ። ትምህርት ያስርባል።»

እናቷን አብላ እያለች በስሟ ነበር የምትጠራት፤ አፍ ከፈታች ጀምሮ።

አዳራሹ ውስጥ የሴላሲ አጎት ብርጭቆውን መልሶ ጉሮሮውን ጠረገ። «የመጣንበት ጉዳይ ደግ አይደለም» አለ። «የልጅነት የደም ሕመሟ ተነሥቶባት ሐኪም ቤት ሳትደርስ አለፈች አላችሁን። እሺ ብለናል። ነገር ግን ከክፍሏ ስትወጣ አብራት የነበረችው የመጨረሻ ቃሏን ታድርሰን። በእኛ ዘንድ ቃሏ ቤቷ ካልገባ ሟች መንገድ ላይ ትቀራለች።»

ሁሉም ወደ አራባ ዞረ።

«እሷማ…» አለች አራባ፣ መሐረቧን እየፈለገች። «"እማዬን ጥሩልኝ" አለች። "እማዬ፣ እማዬ" እያለች…»

እናትየዋ ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች። «እማዬ አለች?»

«አዎ ማማ። ደጋግማ።»

«እንግዲያስ የሞተችው የሌላ ሰው ልጅ ናት።»

ለዉምፒኒ በሩ ቅርብ ነበር። ብትወጣ ማንም ልብ አይላትም፤ በዚህ ኮሌጅ አጥርታ የተማረችው አለመታየትን ነው። የኮሌጁ ሃላፊ ዶክተር ላርተይ በመነጽሯ አናት ሰዉን ትቃኛለች። መናገር ዛሬውኑ ፍራሽ ተሸክሞ መውጣት ነው። ዝም ማለት ደግሞ ሴላሲን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ።

«"ለአብላ ንገሪያት" ነው ያለችው» አለች ዉምፒኒ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አዝዬያት ደረጃውን ስወርድ፣ በጆሮዬ። "ድልሁን ብቻዬን እንዳልበላሁት ለአብላ ንገሪያት።" ከዚያ ሳቀች። ትንሽ።»

እናትየዋ ቀና ብላ፣ ከውሃው ትሪ በላይ ያለውን ፊት አሁን ገና አየችው።

«አንቺ ማነሽ?» ሃላፊዋ ቀደመች። «የየትኛው ክፍል ነሽ?»

ከበሩ በኩል ሳል ተሰማ፤ ያው የኮሪደሩ ሳል።

«ክፍሏን እኔ አውቀዋለሁ፣ ዶክተር» አለች አንቲ ቪዳ። «ሳላስል አንኳኩቼበት አላውቅም።»

ዉምፒኒ ዞራ አየቻት። ለካስ የሴትዮዋ ሳንባ ጤነኛ ነው።

«ደንቡን እያወቁ?» አለች ሃላፊዋ።

«ደንቡንም አውቃለሁ፣ ልጆቹንም አውቃለሁ።»

እናትየዋ ተነሣች። «የልጄ ስም ከበሩ ላይ የሚነሣው መቼ ነው?»

«የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ነው፣ እናቴ» አለች ሃላፊዋ።

«እስከዚያ ቤቱ የልጄ ነው። የልጄ እንግዳ ደግሞ የእኔ ናት። ለእንግዳ ውሃ ይሰጡታል እንጂ በር አያሳዩትም።» ትሪው ላይ የቀረውን ብርጭቆ አንሥታ ለዉምፒኒ ሰጠቻት። «ጠጪ። ድልሄ ሳያቃጥልሽ አልቀረም።»

ዶክተር ላርተይ መነጽሯን አውልቃ ረጅም ጊዜ ወለወለችው። «ከፈተና በኋላ እንነጋገርበታለን» አለች። በዱዋፌ ይህ እሺ ማለት ነው።

አራባ ወንበሯን ለቀቀች። ቀዩን ጨርቅ ፈትታ በዉምፒኒ አንጓ ላይ አሰረችው። «ውሰጂልኝ» አለች ዓይኗን ሳታነሣ። «ከታሰረልኝ ጀምሮ ሲያሳክከኝ ነው የከረመው።» አሁን ኩሏ ተበላሽቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናትየዋ የልጇን ልብስ ልትሰበስብ ወደ ክፍሉ መጣች። አንድ ቀሚስ አጥፋ፣ መልሳ ዘረጋችው፤ ደረቷ ላይ አድርጋው በሴላሲ አልጋ ላይ ጋደም አለች። ነፋሱ በስንጥቁ ያፏጫል። ክፍሉ በቢጫ ጭጋግ ተሞልቷል። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሿ ረዘመ፣ ክንዷም ከአልጋው ጠርዝ ወረደ።

አራባ ሻንጣዎቿን አንሥታ ሄዳለች፤ ሌላው አልጋ ባዶ ነው። ዉምፒኒ አየችው። ከዚያ ድምፅ እንዳታሰማ ተጠንቅቃ ስሱን ፍራሽ ከአልጋው ሥር ጎተተች፣ ተጋደመች፤ ግንባሯን ከተንጠለጠሉት ጣቶች በታች አስተካከለች።