እሾህ የተባለው ዓይን

የኢድ ዕለት ዓብዱሰመድ አዲሱን ስልኩን ይዞ የስምንት ወር ልጁን ካውሰርን ፎቶ ሲያነሣ ዋለ። ነጌሌ ቦረና ውስጥ ፎቶዋ ያልደረሰው ዘመድ የለም። ሚስቱ ቀድሪያ ግን አንዱን ፎቶ ደጋግማ አየችው። የልጅቷ ቀኝ ዓይን ጥቁር ነው። የግራው ብሌን ግን ነጭ ሆኖ ያበራል።

"ፍላሹ ነው። አንቺ ደግሞ ከወለድሽ ወዲህ ጥላሽን ትፈሪያለሽ!" ብሎ ሳቀባት።

እሱ ምን አለበት! ቀድሪያ አምስት ጊዜ አነሣቻት፤ አምስቱም ላይ ያው ነጭ ነው። የራሷም የግራ ዓይን ሰው ሠራሽ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ አሬሮ ከተማ አያቷ ደጃፍ ላይ፣ የግራር እሾህ ወግቷት እንደጠፋ ከእናቷ ከፉዚያ እየሰማች ነው ያደገችው።

በሳምንቱ ልጇን አዝላ፣ እናቷን አስከትላ ሐዋሳ ዓይን ሐኪም ዘንድ ደረሰች። ዶክተር ቢንያም ልጅቷን መርምሮ ጨረሰ።

"ዕጢ ነው። ካንሰር" አለ።

ቀድሪያ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ ሰው አለ?"

"የለም። የኔ እሾህ ነው።"

"ዕጢ እንዳይወጣ የሚገታ ዘረመል ሁላችንም አለን፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። የመኪና የእግርና የእጅ ፍሬን በሉት። አንዱ ተበላሽቶባት ከተወለደች በቀረው ብቻ ነው የምትሄደው፤ እሱም ካልያዘ ዕጢው ይበቅላል። በዘር ከሆነ ቀኙም ያሰጋል፤ በየወሩ በማደንዘዣ አስተኝተን እናየዋለን። ካልሆነ ግን ሕፃን በየወሩ ማደንዘዝ አልደፍርም።"

ፉዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እሾህ አልነበረም። ዕጢ ነው ብለው አዲስ አበባ አወጡልሽ። ስትወልድ ልጆቿን ቶሎ አምጪ ብለውኝ ነበር።"

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"በበሽታ የወጣ ዓይን ነው ቢባል ማን ያገባሽ ነበር? እሾህ እንደሆነ በዘር አይወርድም።"

ቀድሪያ ልትጮህባት ፈለገች። ፍርሃቱ ግን ከንዴቱ በለጠ። የካውሰር ቀኝ ዓይንስ?

የካውሰር የግራ ዓይን ወጣ። በሁለተኛው ወር ምርመራ ቀኙ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር ተገኘች፤ በጨረር አቃጠሏት። "ባትናገሩ ኖሮ ሳናያት ታድግ ነበር" አላቸው ሐኪሙ። ዓይኗ ለጊዜው ተርፏል። ቀድሪያ ግን በየወሩ ልጇን ለማደንዘዣ አስረክባ በሩ እስኪከፈት ቆማ ትጠብቃለች።

ነጌሌ በተመለሱ ማግስት ጎረቤታቸው ዙለይካ ወደ ሱቃቸው መጣች።

"አካም ቀድሪያ፣ ናጋ? ውይ፣ ምን አገኛት?" እያለች የሕፃኗን ራስ ዳበሰች። "እሷንም እንዳንቺ እሾህ ወጋት እንዴ?"

ቀድሪያ ልጇን አየቻት። ነገ ታድጋለች፣ ሽማግሌ ይላክባታል፣ ሰው ይጠይቃል። "አዎ" የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች። እንዲህ ይቀላል ለካ! እናቷ ያኔ ገባቻት፤ እሷም እንዲሁ ልትዋሽ መቃረቧ አስደነገጣት።

"አይደለም" አለች። "ካንሰር ነው። ከኔ ነው የወረሰችው። የኔም እሾህ አልነበረም።"

ዙለይካ እጇን ከሕፃኗ ራስ ላይ ቀስ ብላ ሰበሰበች።

ፉዚያ ከባንኮው ጀርባ ሆና አየቻት። ሃያ ዓመት ሙሉ የፈራችው ይህችኑ እጅ ነበር።