ጠጉር ነዳፊው አጎት

ታላቅ ወንድሙ የብርድ ልብስ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ የነዳፊው ቦታ ጓሮ ሆነ። የታጠበውን የበግ ጠጉር በደጋኑ ጅማት እየመታ ሲያፍታታ ይውላል፤ ብናኙ ቅንድቡን ሳይቀር ያነጣዋል። ፈታዮቹ ጋ የሚደርሰው ጠጉር ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል፤ ምስጋናው ግን ሱቁ ውስጥ ይቀራል።

የወንድሙን ልጅ ሊያጩ እንግዶች የመጡ ዕለት ወንድሙ ጓሮ ድረስ ወጣና፣ "ዛሬ እንኳ ያንን ብናኝህን ይዘህ ሳሎን ብቅ እንዳትል!" አለው። እሱም ደጋኑን አነሳ።

ቆይቶ ለሙሽሪት የተሠራው ብርድ ልብስ ለእንግዶቹ ሲዘረጋ የሚባለውን በመስኮት ሰማ።

"እንዴት ይለሰልሳል! ጠጉሩን ማን ነደፈው?" አሉ የሙሽራው አባት።

"አንድ ሠራተኛ አለን" አለ ወንድሙ።

ይሄኔ ነዳፊው ደጋኑን ጥሎ እንዳለ ዘው አለ።

"ሠራተኛው እኔ ነኝ፤ የልጅቷ አጎት! ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ጡት ነው የጠባነው፤ እሱ ሲጠግብ ረሳው እንጂ።"

"ኧረ ልብስህን እንኳ አራግፍ!" አለ ወንድሙ በጥርሱ።

"አላራግፍም! ያበላህ ይሄው ነው።" ወደ ሙሽራው አባት ዞረና፣ "ጋሼ፣ እስቲ ጠጋ ይበሉልኝ" አለ።

ሰውዬው ጥቁር ኮታቸው እየነጣ ጠጋ አሉለት።