ከማዕዱ የተረፈ

ኡሙሃኒ ቆቦ ላይ፣ አውቶቡስ በሚቆምበት ጥግ፣ ምግብ ቤት ነበራት። ምግብ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር ያላት የቆርቆሮ ዳስ ናት። በዚያ በስልሳ አምስቱ ክፉ ቀን ግን ከሹማምንቱ ሁሉ የበለጠ የሠራችው ያቺ ዳስ ነበረች። ይህን ስናገር ማንንም አልፈራም።

ኡሙሃኒ በየቀኑ ረፋድ ላይ ከየሻይ ቤቱና ከየሾፌሩ ገበታ የተረፈውን ትለቅማለች። የደረቀ እንጀራ፣ ድስት ቂጥ ላይ የቀረ ሽሮ፣ የተረፈ ንፍሮ፣ የማሽላ ቂጣ ቁራሽ። ደረቁን በሙቀጫ አስወቅጣ በወንፊት ትነፋዋለች፤ ንፍሮውን አድቅቃ ከሽሮው ጋር ትደባልቀውና በብዙ ውሃ ታፈላዋለች። ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጣል ታደርግበታለች። ሾፌሮቹ ሾርባ አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ቀጠን የምታደርገው ከስስት አልነበረም። ለቀናት ባዶውን የከረመ ሆድ ደረቅ እንጀራ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን፣ ከዋጃ በመጣ አንድ ገበሬ ላይ በዓይኗ አይታለች። ሥጋ ግን ከድስቷ አታስገባም። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላምና፣ ሁሉም ከአንድ ድስት እንዲጠጣ ብላ ነው።

የሚወቅጥላት ወልደ ሚካኤል ነበር። በሬዎቹ አልቀውበት፣ ሚስቱን መንገድ ላይ ቀብሮ ከደጋ የወረደ ሽማግሌ ገበሬ ነው። ዘነዘናውን አንድ ጊዜ ለማንሳት ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ቢሆንም ሳይወቅጥ አንድ ጣሳ ሾርባ አይቀበልም። ይተዉ አባዬ፣ ይቀመጡ ስትለው፣ እኔ ለማኝ አይደለሁም ልጄ ይላታል።

አንድ ረቡዕ ይርጋ የሚባል የመንግሥት ጸሐፊ ወደ ዳሷ መጣ። ከአዲስ አበባ የተላከ ትልቅ እንግዳ በነገታው ቆቦ ላይ ምሳ በልቶ ወደ ሰሜን እንደሚያልፍ ነገራት። ስለዚህ መንገድ ዳር የተኮለኮለው ሰው ለአንድ ቀን ከዓይን ዘወር ይበልልኝ አለ። በዱላ ቢያባርሯቸው ተመልሰው ይመጣሉ፤ የእሷን ድስት ግን ይከተላሉ። ድስቷን ይዛ ወደ ወንዙ አሸዋ ብትወርድለት፣ ከግብዣው የሚተርፈውን እንጀራ፣ ሽሮና ምስር ከሥጋው አስለይቶ በሙሉ ሊሰጣት ቃል ገባ። ኡሙሃኒ የዚያን ሁሉ ሰው ግብዣ ትራፊ በልቧ ለካችው፤ ለሦስት ቀን ድስቷን ይሞላል። እሺ አለች። ዕድሜ ልኳን የረገመችው ያንን እሺታ ነው።

ሐሙስ በማለዳ ድስቱን ተሸክማ ፊት ፊት ሄደች፤ ሰዉም እየተደጋገፈ ተከተላት። ወልደ ሚካኤል ዘነዘናውን ለማንም አልሰጥም ብሎ ምርኩዝ አደረገው። የሚወቀጥ ነገር ግን አልነበረም፤ የከተማው ወጥ ቤቶች ሁሉ ለግብዣው ታዘው ሻይ ቤቶቹ ተዘግተዋል። አሸዋው ላይ ጥላ የለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሽማግሌው ድስቱ መቼ እንደሚጣድ ጠየቃት። እንግዳው ይለፍ እንጂ አባዬ፣ ዛሬ ወፈር ያለውን ነው የምንጠጣው አለችው። ደግሞ ስቃ ነበር ያለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመኪኖቹ አቧራ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋጃ ሲያልፍ ባልዲዋን ይዛ ሮጠች። ከግብዣው ዳስ ጀርባ ወጥ ሠሪው ታረቀኝ አካፋ ይዞ ጉድጓድ ሲደፍን አገኘችው። እንጀራው፣ ሽሮው፣ አጥንቱና መረቁ ከአመድ ጋር ተደባልቆ ግማሹ አፈር ለብሷል። ታረቀኝ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ትራፊ ሲታደል ከታየ ቆቦ ረሃብ ገባ ይባላል ብሎ ያዘዘው ይርጋ መሆኑን አቀርቅሮ ነገራት።

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። ይርጋ ላይ ይህ አይሠራም። ይርጋ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ስለሚያውቅ ነው ያስቀበረው።

ባዶ ባልዲዋን ይዛ ስትመለስ ወልደ ሚካኤል ዘነዘናውን እንዳቀፈ አሸዋው ላይ ተጋድሟል። ሴቶቹ ፊቱን በነጠላ ሸፍነውታል። ኡሙሃኒ አላለቀሰችም፤ ንዴቱ እንባዋን አድርቆት ነበር። ይርጋን ረገመች፤ ከይርጋ አብልጣ ግን ፊት ፊት የመራውን የራሷን እግር ረገመች። መንገድ ዳር ቢቀመጥ ኖሮ አንድ ተሳፋሪ እንኳ ቁራሽ ይጥልለት አልነበረም? ሲመሽ ታረቀኝ ያንኑ አካፋ ይዞ መጣና ሽማግሌውን ቀበረላቸው።

አርብ እንግዳው ከሰሜን የሚመለስበት ቀን ነው፤ ምሳም ዳግመኛ ተሰናድቶለታል። ረፋድ ላይ ኡሙሃኒ ሦስቱን ጉልቻዎች ከዳሷ አንድ በአንድ ተሸክማ አውራ ጎዳናው መሀል ላይ ጎለተቻቸው። ድስቷን ጣደች፣ እሳቱን አነደደች። ይርጋ እየሮጠ ደረሰ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ለመነ፤ የዛሬውን ትራፊ በሙሉ እሰጥሻለሁ ብሎ በማርያም ስም ማለ። አልሰማ ስትለው ሊያላግጥባት ፈለገ።

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም። እዚያው ዳስሽ ውስጥ ብትጥጂ ምን አለበት?»

«ወጡ የት አለና ነው የሚጣፍጠው?» አለችው እሳቱን እየቆሰቆሰች።

የእንግዳው መኪና ከዋጃ በኩል መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። አልተነሳችም። ደግሞ ነፋ። ይኼኔ በጣሳ ከድስቱ ቀዳችና ወደ መኪናው ሄዳ በመስኮቱ ለእንግዳው ዘረጋችለት። እንግዳው መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ጣሳው ተመለከተ። የፈላ ውሃ ነው፤ ጨው እንኳ የለበትም።

«ምንድን ነው ይኸ?» አላት።

«ከትናንቱ ማዕድዎ ለእኛ የተረፈን ነው ጌታዬ። ይቅመሱልን።»

እንግዳው ዞሮ ይርጋን አየው። ይርጋ ኮቱን ይቆልፋል፣ ይፈታል። ሰዎቹ ከወንዙ በኩል እየተደጋገፉ ወጡ፤ እንደ ትናንቱ ድስቷን ተከትለው መጥተው መንገዱ ላይ፣ ከጉልቻዎቹ ዙሪያ ተቀመጡ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።