የቶራ ሰማያዊ እርሳስ

ማርስ ወደ ምድር የምትጠጋው በየሁለት ዓመቱ ግድም ነው፤ ፊዮርድ በሚሉት የባሕር ሰርጥ ዳር ያለው የሰማይ ተመልካቾች ክበብ አባላትም የሚጣሉት ያኔ ነው። በቀረው ጊዜ ፍቅር ናቸው።

ክበቡ የከረመ ልማድ አለው። ሁሉም በየተራ በቴሌስኮፑ ያያል፣ ሳይነጋገር ያየውን በቀለም እርሳስ ይስላል፣ ወረቀቱን ደፍቶ ያስቀምጣል። በክበቡ ጎጆ ውስጥ የአተር ሾርባው ሲቀርብ ወረቀቱ ሁሉ አንዴ ይገለበጣል። ሥዕሉ ከሌሎቹ ያፈነገጠበት ሰው ሳህን ያጥባል። የክበቡ አንጋፋ አባል ቶራ በሠላሳ ዓመት አንድ ሳህን አጥባ አታውቅም፤ ይህንንም ሳትናገር ያለፈችበት ክረምት የለም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከሳህን አለፈ። ሊቀመንበሩ ኤይናር ካሜራ ገዝቶ፣ "እርሳስ ይብቃን፤ ከእንግዲህ ክበቡን ፎቶ ይወክለው" ብሎ ተነሣ። ቶራ እንደ ነብር ተቆጣች። ተጨቃጭቀው የተስማሙት እንዲህ ነው፦ የዛሬው ሥዕሏ ከኤይናር ፎቶ ጋር ከገጠመ እርሳሱ ይቀጥላል፤ ካልገጠመ፣ ያን ሁሉ ዘመን ቴሌስኮፑ ሥር የተቀመጠችበትን በርጩማ ለካሜራው ትለቃለች።

ቶራ ደግሞ የደበቀችው ነገር ነበራት። በቅርቡ የቀኝ ዐይኗን ሞራ አስገፍፋለች። ለክበቡ ትንፍሽ አላለችም፤ ኤይናር ቢሰማ "የታመመ ዐይን ምን ሊያይ!" እንደሚል ታውቀዋለች።

ብርዱ አፍንጫ እየቆነጠጠ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ቀኝ ዐይኗን ቴሌስኮፑ ላይ ደቀነች። የምታውቃት ብርቱካናማ ማርስ የለችም። በቦታዋ የገረጣች፣ የተላጠ ኮክ የመሰለች ኳስ ተቀምጣለች፤ ጠርዟንም ቶራ በዕድሜዋ አይታው የማታውቅ ስስ ሰማያዊ ጭጋግ ከቧታል። በግራ ዐይኗ ሞከረች። ብርቱካኗ እንደ ድሮዋ አለች! በቀኟ፣ የገረጣችው። የቱ ዐይኗ ነው የሚዋሻት?

"አንቺ ሴትዮ፣ እዚያው ልታድሪ ነው?" አለ ኤይናር ከኋላዋ መሬቱን በእግሩ እየደቃ።

"ዝም በል! ልማዱን አትርሳ።"

እርሳሶቿን አወጣች። ብርቱካናማው ከመቀረጽ ብዛት አውራ ጣት አክሏል፤ ሰማያዊው ከሱቅ እንደመጣ ነው። ብርቱካናማውን ብታነሣ እንደምታሸንፍ ታውቃለች። እጇ ሁለት ጊዜ ወደ እርሱ ሄዶ ተመለሰ። ግን ቀኟ ጥርት አድርጎ ያያል፤ ያዩትን ትቶ የለመዱትን መሳል ደግሞ በእርሷ ቤት ከስርቆት ይብሳል። ሰማያዊውን ቀረጸች።

ሾርባው ቀረበ፤ ወረቀቶቹ ተገለበጡ። ሾርባውን የሠራው ሞንስ የሳላት ማርስ ብርቱካን ናት። በኤይናር ፎቶ ያለችው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ፍም ቀልታለች።

"ኧረ ጉድ!" አለ ሞንስ የቶራን ሥዕል ሲያይ። "ይቺ ማርስ ናት ወይስ በረዶ ላይ የወደቀች ከረሜላ?"

"ዛሬስ ሳህኑ ደረሰሽ" አለ ኤይናር ፊቱ እየበራ። "በርጩማውንም እንዳትረሺ።"

ቶራ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ፎቶህን ማን ነው ያቀላው? ካሜራው ነው ወይስ አንተ?"

ኤይናር ሾርባውን ማማሰል ያዘ። "ትንሽ አስተካክየዋለሁ። እንደማውቃት።"

"እስቲ ሳትነካው በፊት የነበረውን አሳየን።"

ሲያንገራግር ሞንስ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበና ከፈተው። የገረጣች ማርስ፣ ጠርዟ ላይ ሰማያዊ ጭጋግ ያላት። ቁርጥ የቶራን ሥዕል።

ቶራ ያኔ ስለ ዐይኗ ተናገረች። "ሞራው ነው ለካ ያን ሁሉ ዓመት ያቀላት" አለች። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ከፋት፤ ስንቱን ክረምት በሻይ ብርጭቆ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ስታጮልቅ ኖራለች።

"እንዲያ ከሆነ" አለ ሞንስ የራሱን ሥዕል እያጠፈ፣ "እኔም የሳልኩት የለመድኳትን ነው፤ ሳህኑ የእኔና የኤይናር ነው።"

ሞንስ ድስቱን ሊደፋ ወጣ። ኤይናር እጀታውን ሰብስቦ ያጥብ ጀመር። ቶራ በርጩማዋን ይዛ እንደ ንግሥት አጠገቡ ተቀመጠች።

"ቶራ" አለ፣ ቀና ሳይል። "ያማል እንዴ?"

"ምኑ?"

"ሞራው ሲነሣ።"

ፊቱን ወደ ራሷ አዞረችና ዐይኖቹን አየች። ሁለቱም ደፍርሰዋል። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ማርስ ባለፈው ከመጣችበት ጊዜ ጀምሮ። እዚያ ስቀመጥ ዳመና ብቻ ነው የማየው። ካሜራውን ለምን የገዛሁ መሰለሽ?"

"የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች" ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አንጀቷ አልቻለም።

"አያምም" አለችው። "የሚያምህ በኋላ ነው፣ ስንት እንዳመለጠህ ስታይ። ነገ ቀጠሮ ያዝ፤ ማርስ ሳትርቅብን። መኪናውን እኔ እነዳለሁ።"

ኤይናር እርጥብ ሳህን ዘረጋላት። ቶራም ሳህኑን አየችው፣ እርሱን አየችው፣ ከዚያ ከበርጩማው ተነሥታ ፎጣውን አነሣች።