ሸራ የለበሰው እንጨት

የትምህርት ቢሮው የግዥ ኃላፊ ሰው ቶሎ የማታምን ሴት ነበረች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል፤ ሳትነፋ የምታሳልፈው ነገር የለማ። በዚያ ዓመት ለተማሪዎች ዴስክ ሲገዛ አዲስ መመሪያ ወጣ፤ ዋጋው መርከሱ ብቻ አይበቃም፣ እንጨቱ ከተፈጥሮ ደን ያልተቆረጠ፣ ዕቃውም ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ይሁን ተባለ።

ከተጫራቾቹ አንዱ የታላቅ እህቷ ባል ነበር፤ አናጢ ነው። ዝምድናዋን ተናግራ ከጨረታው ኮሚቴ ወጣች። ናሙናው ቢሮ ሲገባ ግን ዓይኗን መንቀል አቃታት። እንጨቱ ከባድና ጥቁር ቡኒ ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ከጥንት ደን እንጂ ትናንት ከተተከለ ዛፍ አይወጣም። አናጢው ዛፍ ተካይ ገበሬዎች እንደሸጡለት ለኮሚቴው ተናግሯል። እሷን አልዋጥ አላት።

እሁድ ከሰዓት ሳትደውል ሥራ ቤቱ ሄደች። ሲያያት ደነገጠ፤ ወንበር ጠራርጎ ከበሩ አጠገብ ሊያስቀምጣት ታገለ። ስለ እህቷ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው። እየመለሰላት ዓይኑ ጥግ ላይ ሸራ ወደለበሰው ክምር ይሾልካል። ተነሥታ ሸራውን ገለጠችው።

ያየችው አዲስ የተቆረጠ ግንድ አልነበረም። ያረጀ የጣሪያ ወራጅ፣ የበር መቃን፣ ቀለሙ የተላጠ መስኮት ነው፤ ሚስማሩ ገና አልተነቀለም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ከፈረሱ ቤቶች የሰበሰብኩት ነው። ሊማገድ ሲል ነው ያተረፍኩት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሮጌ ነው ብል ማን ይገዛኛል? ያንቺው ሰዎች ቆሻሻ አመጣብን ነው የሚሉት።»

ደን እንዳልተነካ ሲገባት ቀለል አላት፤ ግን አልቆየላትም። የማያሳፍር ከሆነ ለምን ዋሸ? ከየትኛው ቤት? ማን ፈቀደለት? አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ ላቡን እየጠረገ መለሰላት፤ ቤት አፍራሾቹንም በስልክ አገናኛት። እነሱም ቃሉን አጸኑለት። በመጨረሻ ራሱ ለኮሚቴው እንዲናገር፣ አለዚያ እሷ እንደምትናገር ነግራው ወጣች።

በማግሥቱ ሄዶ፣ እሷ እንደደረሰችበት ጭምር ተናገረ። ኮሚቴው ስለዋሸ ከውድድር አስወጣው። ሰብሳቢው ግን እሷን ጠርቶ በሩን ዘጋ።

«በገዛ አማችሽ ላይ እንዲህ የጨከንሽው የትኛውን ተጫራች ልትጠቅሚ ነው?»

ብታስረዳውም ፊቱ አልተፈታም። ከዚያ ወዲያ ኮሪደር ላይ እሷ ስትደርስ ወሬ ይቋረጥ ጀመር።

በሚቀጥለው ጨረታ ያገለገለ እንጨት በግልጽ ተፈቀደ። አናጢው ምንም ሳይደብቅ ገብቶ አሸነፈ። እሷም ደስ ብሏት ወደ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ በሩን በከፊል ከፍታ ቆመች፤ ግቢ አላለቻትም።

«ዛሬስ ምን ልትፈትሺ መጣሽ?»