የአቶ ሰይፈ ምርቃት

ፅጌ በሰው አገር፣ ጋአን ሊባህ በሚባል የሶማሌዎች ሰፈር፣ በአንድ ቤት ምግብ ታበስላለች። እኔ ቢሮ ስለምውል ኮምፒውተር የነካው ነገር ሁሉ የማይከብደኝ ይመስላታል። ሠርጓ አራት ቀን ሲቀረው ክፍሌ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጸዲ፣ አባዬ ሳይመርቀኝ አላገባም።»

አባቷ አቶ ሰይፈ ደብረ ታቦር ናቸው። በሰፈራቸው እሳቸው ሳይመርቁ ሙሽራ ከቤት አትወጣም ነበር። አምና ጉሮሯቸውን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ወዲህ ግን ድምፃቸው ጠፍቷል። ፅጌ ከዚያ በፊት የላኩላትን የድምፅ መልእክቶች አንዱንም አላጠፋችም። ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ፕሮግራም እንዳለ የነገራት እጮኛዋ ቸርነት ነው።

መልእክቶቹን ለፕሮግራሙ ሰጠሁት፤ የምርቃቱን ቃል እሷ እየነገረችኝ ጻፍኩ። ስከፍተው አንድ ሽማግሌ ክፍሌ ውስጥ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ልጄ ፅጌ» አሉ። ጉሮሮ መጥረጉን እኔ አልጻፍኩትም። ፅጌ ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያ በሩን አየች።

«ራሱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እንዲህ ራሱን ሲሆን ግን ያስፈራል።»

አከራያችን ሂባቅ በመስኮት ብቅ ብላ በሶማልኛ «አባቷ መጡ እንዴ?» አለችኝ። ስልክ ነው ብላትም አላመነችኝም፤ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጣች። ሦስተኛውን ማናችንም አልነካነውም።

ቅዳሜ ቸርነት አብረውት ልስን የሚሠሩ ጓደኞቹን ሰበሰበና ምርቃቱን ከፈትኩላቸው። «ጎጇችሁ ይሙቅ» አለ ድምፁ። «አሜን» እስኪሉ «ውለዱ ክበዱ»ን አልፎ ሄዷል። አሜኑና ምርቃቱ ተደበላለቁ።

«አባታችን አውቶቡስ ሊያመልጣቸው ነው እንዴ?» አለ ከጓደኞቹ አንዱ፣ ዘሩባቤል።

«አፍህን ያዝ፣ አማቴ ናቸው» አለ ቸርነት፤ እሱም ግን ይስቃል።

ፅጌ አልሳቀችም። «አባዬ አሜን ሳይሰማ አያልፍም። አሜኑ ከሳሳበት ‹ምሳ አልበላችሁም እንዴ?› ብሎ ይደግመዋል።»

«መሃል መሃሉ ላይ ሦስት ሦስት ሰከንድ ዝምታ እጨምርበታለሁ» አልኳት።

«በዚያ ሦስት ሰከንድ የሚሰማን ማነው?»

እሳቸውን ሳንጠይቅ ይህን ሁሉ መሥራታችን ያን ጊዜ አሳፈረኝ። «እንደውልላቸው» አልኩ።

በቪዲዮ አሰማናቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ ፈገግ አሉና መዳፋቸውን ወደ ታች ደጋግመው አወረዱ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ቀጥለው ደረታቸውን በጣታቸው ነኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምልክቱን እኔ እሰጣለሁ ማለታቸው ነበር።

እሑድ፣ የሠርጉ ዕለት፣ ምርቃቱን ስንኝ በስንኝ ቆራርጬ ከፊት ተቀመጥኩ። ድግስ ላይ ሁልጊዜ በር አጠገብ የምቀመጠው እኔ። አቶ ሰይፈ ጠረጴዛው ላይ በቆመው ስልክ ውስጥ ናቸው። ራሳቸውን ሲነቀንቁ አንዱን እከፍታለሁ፤ ሰው አሜን ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ይነቀንቃሉ። ሦስተኛው ላይ አልነቀነቁም። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ልስን ሠሪዎቹ ግቢውን የሚያናውጥ አሜን አሉ፤ ከበሩ ሂባቅም «አሚን» አለች።

የቆረጥኩት ሁሉ አለቀ። አቶ ሰይፈ ግን የዘረጉትን እጅ አላጠፉም። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ወደ እኔ ዞረ። የምከፍተው ነገር አልነበረኝም፤ ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

ፅጌ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። አባቷ አፋቸውን ገጥመው ሲጠብቋት «አሜን» አለች። እኛም ተከትለናት አልን። አቶ ሰይፈ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው አለፉ።